«ደህና ነን» እና ሌሎች የጦርነት ጽሑፎች

እስራኤል ውስጥ በጦርነት ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚነበበው ጽሑፍ ከአንድ መስመር አይበልጥም። የአደጋው ዓይነት፣ የቦታው ስም፣ ለመግባት የተሰጠው ጊዜ፤ በቃ። ደራሲ የለውም። ስልክ ላይ ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ይጻፋል፣ ሬዲዮ ላይ ዘፈን አቋርጦ ይነበባል። ከጋዛ ለሚተኮስ ሮኬት ጊዜው እንደየከተማው ይለያያል። ስዴሮት 15 ሰከንድ፣ አሽቀሎን 30፣ አሽዶድ 45፣ ቤርሼባ 60፣ ቴል አቪቭ 90። የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች በርከት ያሉት በዚህ ዝርዝር አጭር ጫፍ ላይ ናቸው።

ይህን መስመር እንደ ጽሑፍ ላነበው እፈልጋለሁ። ስለ ጦርነትና ሥነ ጽሑፍ ሲወራ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ፊልም ብቻ ነው የሚቆጠረው። ጎንደር ገጠር ተወልዳ አሽቀሎን ላይ ለምታረጅ እናት ግን ጦርነቱ የሚደርሳት በልብ ወለድ አይደለም። የሚደርሳት በዚህ መስመር ነው፤ እሱም በማታነበው ቋንቋ። ፊልሞቹ ጋ ኋላ እደርሳለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፤ እዚህ በሌላ መቁጠር አይቻልም።)

በስሙ እንጀምር። የማንቂያው የመጀመሪያ ስም «ሻሐር አዶም» ነበር፤ ቀይ ጎሕ እንደማለት። በ2007 «ጼቫ አዶም» ተባለ፤ ቀይ ቀለም። ምክንያቱ ሻሐር የሰው ስምም መሆኑ ነው፤ ስሟ በሮኬት ጊዜ የሚጠራባት ልጅ ጉዳይ ቅሬታ አስነሣና ተለወጠ። እንደ አርታኢ ካያችሁት ለውጡ ትክክል ነው። ጎሕ የሚለው ቃል ግጥም ለመሆን ይሞክራል፤ ሰው የሚሮጥበት ቃል ግን ግጥም መሆን የለበትም። ቀለም ደረቅ ነው፣ ስለዚህም ታማኝ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ችግሩ ጎሑ ላይ አልነበረም፤ ቀዩ ላይ ነበር። መንግሥት በአማርኛ ከአንድ ነገር ጋር «ቀይ» ብሎ ያያዘበትን ጊዜ አስታውሱ፤ ቀይ ሽብር፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ወጣት የነበረ ሰው «ቀይ» ከድምፅ ማጉያ ሲሰማ ቀለም አይደለም የሚታየው። አስተርጓሚ ይህን ማወቅ አለበት፤ ቢያውቅም ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ቀይን ቢጫ ማለት አይቻልማ።

ሁለተኛው ቃል «አዛካ» ነው። ሳይረን ማለት ነው፤ ሥሩ ግን መጮህ ነው። ለጩኸት እኛም ቃል አለን፤ ኡኡታ፣ እሪታ። ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ነው። ገጠር ውስጥ ኡኡታ የሰማ ሰው ዱላውን ይዞ ወደ ድምፁ ይሮጣል። ቤት ተቃጥሎ ይሁን፣ ሌባ ገብቶ ይሁን፣ ሰው ሞቶ ይሁን የሚያውቀው ሄዶ ነው። ኡኡታ ሰምቶ በሩን የዘጋ ጎረቤት ለቅሶውም ሰርጉም ላይ ሲነሣበት ይኖራል። አዛካ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጩኸት ስትሰማ ግባ፣ በር ዝጋ፣ ከመስኮት ራቅ፣ ሌላው ራሱን ይችላል።

አዛውንቶች ሳይረን ሲሰሙ ወደ ደረጃው ወጥተው የጎረቤት በር ማንኳኳታቸው የልጆች የዘወትር ምሬት ነው። «አትሰማም'ኮ፣ ስንቴ ነገርናት» ይላሉ። እኔ ግን ሰምታለች ባይ ነኝ። በአማርኛ ነው የሰማችው። ጩኸት ሲጮህ ሰው ይጠራል፤ እሷም ሰው እየጠራች ነው። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ይህ አደገኛ ትርጉም ነው፤ የተሳሳተ ትርጉም ግን አይደለም። የመመሪያ ወረቀት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢረዱ «ጎረቤትዎን ከማስጠራትዎ በፊት ይግቡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ሥዕል ይበልጥ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው «ሜርሃቭ ሙጋን» ነው። «ማማድ» የሚባለው የአፓርታማ ክፍል ምህጻሩ ከዚህ የወጣ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ቶሎ የሚመጣው «የተጠበቀ ቦታ» ነው። ታዲያ «ጠበቀ» ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዘበኛ ቤት ይጠብቃል፣ ሰውም እንግዳ ይጠብቃል። ስለዚህ «የተጠበቀ ቦታ» ጥበቃ ያለው ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ሲጠበቅ የኖረ ቦታም ሊሆን ይችላል። ኢየሩሳሌምን ለብዙ ትውልድ ሲጠብቅ ለኖረ ሕዝብ ይህ ቀላል መደባለቅ አይደለም። «መጠለያ» ብትሉ ደግሞ የሚመጣው ሥዕል ሱዳን ነው፤ ድንኳን፣ ሰልፍ፣ ወረርሽኝ። በ1984 አካባቢ በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ነው የሚነገረው፤ ያንን ያየ ሰው «መጠለያ ግባ» ቢሉት ዋስትና አይሰማውም። «ምሽግ» የሚተኩስ ወታደር ቦታ ነው። «መደበቂያ»ም ጥፋት የሠራ ሰው ቦታ ይመስላል። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ክርክር ሳይጠብቅ «ማማድ ግቡ!» ብሎ ጉዳዩን ዘግቶታል። እውነቱን ነው። አንዳንድ ቃል ሳይተረጎም ሲቀር ነው ንጹሕ የሚሆነው፤ ማንንም አያስታውስም።

ማማድ ራሱ ታሪክ አለው። በ1991 መጀመሪያ የኢራቅ ስከድ ሚሳይሎች ቴል አቪቭ አካባቢና ሃይፋ ላይ ከወደቁ በኋላ በወጣ ደንብ ነው አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ የብረት መስኮትና ከባድ በር ያለው ክፍል እንዲኖረው የተደረገው። ብዙ ቤተሰብ የልጆች መኝታ ያደርገዋል። ስለዚህ አዛካ ሲጮህ አባት፣ አማት፣ ምራት፣ የሦስተኛ ፎቅ እንግዳ ሁሉ በፒጃማ የልጅ አልጋ ላይ ይደረደራል። በአሮጌ ሕንፃ የሚኖር፣ እሱም ከእኛ ሰው ትንሹ አይደለም፣ ወደ ሚቅላት ይወርዳል፤ ካልደረሰ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም። ዓሥር ደቂቃ፣ አንድ በር፣ በሰላም ጊዜ አብረው የማይቀመጡ ሰዎች። በአማርኛ ግን ገና የረገጠው የለም።

አሁን ወደ ሰዋስው። የማንቂያው ግሥ በዕብራይስጥ ለብዙ የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ «ግቡ»። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሹፌሩም «አንተ» ነው። አማርኛ ግን ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ማን ማንን እንደሚያዝ ይጠይቃል። ግባ፣ ግቢ፣ ግቡ፣ ይግቡ። ስልኩ «ግቡ» ይላል እንበል። ስልኩን የሚያነበው ግን የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ አማርኛውን ከዕብራይስጥ ሰዋስው ጋር አጣብቆ ነው የሚያውቀው። «ሳቭታ፣ ነይ! ቶሎ በይ! ግቢ!» ይላል። ምንም ክፋት የለበትም። ሴትዮዋም ትገባለች። ከሮኬቱ በኋላ የሚቀረው ነገር ግን ይኼ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያዝ በሠላሳ ሰከንድ ተገልብጧል፣ ሮኬቱ ወድቆም አልተመለሰም። በጦርነቱ ዘመን ይህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም አስቡት። አረጋውያን የሚያነሡት ቅሬታ ብዙ ጊዜ ስለ ሚሳይል አይደለም። «ልጆቹ ይጮኹብኛል» ነው።

እኔ በሥራዬ ዴቨሎፐር ነኝ፤ ስለዚህ አንድ ሙያዊ ነገር ልበል። መተግበሪያ ውስጥ ቋንቋ መጨመር ከባድ ሥራ አይደለም። ጽሑፉ ባዶ ቦታ ያለው ቅርጽ ነው፤ የከተማው ስም ሲመጣ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ተርጓሚ ሃያ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ይሰጣችኋል፣ ፊደሉ መሣሪያው ላይ መኖሩን ታያላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ ሌላ ነው። አደጋው በጣም የሚያሰጋቸው አዛውንቶች ብዙዎቹ አማርኛም አያነቡም፤ ከትግርኛ ሌላ የማይናገሩም አሉ። «በአማርኛ ተጽፏል» ብሎ ዝርዝር ላይ ምልክት ማድረግ ለቢሮው ሰላም ይሰጣል እንጂ ለእነሱ ምንም አይሰጥም። የሚያስፈልጋቸው ፊደል ሳይሆን የሰው ድምፅ ነው።

ድምፁ ደግሞ አለ። ሬቃ የሚባለው የአዲስ ገቢዎች ሬዲዮ በአማርኛም በትግርኛም ያሰራጫል፤ ኩሽናው መደርደሪያ ላይ ያለው ሬዲዮ እዚያው ጣቢያ ላይ የተበየደ የሚመስል ቤት ብዙ ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን «ጋል ሻኬት» ነው፤ ዝም ያለ ሞገድ። ሰንበት የሚያከብር ሰው ዓርብ ማታ ሬዲዮውን ከፍቶ ይተወዋል። ሬዲዮው ምንም አይልም፤ ዜና የለም፣ ዘፈን የለም። የሚናገረው አዛካ ሲኖር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የጦርነት የንግግር ቅርጾች ሁሉ ምርጡ ይኼ ነው እላለሁ። የሚሰማውን ሰው ሕግ ያከብራል፣ ዝም ማለት ያውቃል፣ ሲናገር ምክንያት አለው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ቅዳሜም በዓልም ነበር፤ ስልካቸውን ዘግተው ጸሎት ቤት የነበሩ ብዙ ሰዎች የሆነውን የሰሙት እጅግ ዘግይተው ነው።

በጁን 2025፣ ከኢራን ጋር በነበረው የ12 ቀን ጦርነት፣ ጽሑፉ ረዘመ። ከሳይረኑ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ «ወደ ተጠበቀ ቦታ ተጠጉ» የሚል መልእክት ይመጣ ጀመር፤ ሲያልቅ ደግሞ «ሃኢሩዓ ሂስታየም»፤ ክስተቱ ተጠናቅቋል። እዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። «ክስተት» የስብሰባ ቃል ነው፤ «ተጠናቅቋል»ም የግንባታ ፕሮጀክት ነው። ሕንፃ ፈርሶ፣ ሰው ሞቶ፣ ክስተቱ ተጠናቅቋል? ዕብራይስጡም ቢሆን እንዲሁ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እዚያ ቢያንስ ሰው ለምዶታል። ማማድ ውስጥ ያሉ አሮጊቶች በር ሲከፈት የሚሉት «አለፈ» ነው። ዝናብ እንደሚያልፍ፣ በሽታ እንደሚያልፍ። አላለቀም፣ አልተጠናቀቀም፤ ዛሬን አለፈ። ትርጉም ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ቃል ቢሰርቅ አልቀየመውም።

ከኦክቶበር 2023 በኋላ በነበረው ጦርነት ከአሽቀሎን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ጋዛ ላይ፣ ከአውሮፕላን የሚወርድ ሌላ የትእዛዝ ጽሑፍም ነበር። ሰፈራችሁን ልቀቁ የሚል ወረቀት፤ በኋላም በቁጥር የተከፋፈለ ካርታ። እዚያ ሳይረን የለም፣ ማማድ የለም። አንዱ ትእዛዝ ግቡ ይላል፣ ሌላው ውጡ ይላል፤ የኋለኛው ወዴት የሚለውን በማያስተማምን መንገድ ይመልሳል። እኔ የማነበው የመጀመሪያውን ነው፣ ልጽፍበት የምችለውም እሱን። ግን ስለ ትእዛዝ አንቀጽ እያወራሁ ይኼን ሳልጠቅስ ባልፍ ጽሑፉ ውሸታም ይሆናል።

እሺ፤ ወደ ፊልሞቹ።

ስለ ቤተ እስራኤል የተሠሩ ታዋቂ ሥራዎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። ጉዞውን ይወዱታል። ራዱ ሚሃይሌአኑ በ2005 የሠራው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የሚጀምረው ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነው፤ እናት ልጇን ቤተ እስራኤል ነኝ ብሎ እንዲሄድ የምትገፋበት ትዕይንት የረሳው ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ጥሩ ፊልም ነው። ግን በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ጦርነት ወይ ኋላ የቀረ ነገር ነው፣ ወይ ራቅ ያለ ዳራ፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጦርነትን አምልጠናል ይባላል። የቀን መቁጠሪያው ግን ሌላ ይላል። የመጨረሻዎቹ ስከዶች የወደቁት በ1991 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ሜይ 21 ከአገር ሸሹ፤ ኢሕአዴግ ሜይ 28 አዲስ አበባ ገባ፤ በመሃል፣ ሜይ 24 እና 25፣ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,000 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር የሰሎሞን ዘመቻ አውሮፕላኖች ተመላለሱ። ያረፉት የጋዝ መከላከያ ጭንብሉን ገና ከመደርደሪያ ያላወረደ አገር ላይ ነው። ከጦርነት ወደ ሰላም የሄደ የለም፤ ከአንድ ጦርነት ወደ ሌላው ዕረፍት ነው የተገባው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ ሳይናገረውም፣ የዓለምወርቅ ዴቪዲያን «የበለስ ዛፍ» ነው። በ2018 ቶሮንቶ ላይ ታይቶ ተሸልሟል። 1989፣ አዲስ አበባ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ። ሚና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመውጣት እየጠበቀ ነው። የምትወደው ልጅ ኤሊ ክርስቲያን ነው፣ ከአፈሳ ለመሸሽ ዛፍ ላይ ይደበቃል። ፊልሙ በአማርኛ ነው፣ የተቀረጸውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ጆሮ ላላቸው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ዛፉ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለዕብራይስጥ አንባቢ በለስ የሰላም ምልክት ነው፤ ሰው በለሱ ሥር ያለ ፍርሃት የሚቀመጥበት ዘመን በነቢያት ተስፋ ውስጥ አለ። ለእኛ ግን ዕፀ በለስ አዳም እንዳይበላ የተከለከለው ነው፤ ከበላም በኋላ የተደበቀው። ኤሊ በሁለቱ ትርጉም መካከል ነው የተቀመጠው፤ ዛፉ ላይ ያለ ፍርሃት ለመቀመጥ ይሞክራል፣ ግን ተደብቋል። (ሰው የሚሸሸግበት ያን የሚያህል ዛፍ በእኛ አፍ ሾላ ወይም ዋርካ ቢባል ይቀላል፤ ይኼ የእኔ የገጠር ጠባብነት ነው።)

የፊልሙ ጉልበት አፈሳውን የሚያሳይበት መንገድ ላይ ነው። አፈሳ ጦር ሜዳ አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና፣ ድንገት ጭር የሚል ሰፈር፣ ልጅ የምትደብቅ ሴት ነው። በ1983 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ቀበሌው የሚሞላው ኮታ ነበረው፤ ያልሞላ ቀበሌ ከመንገድ ይለቅማል። ያ ዘመን ያለፈባቸው እናቶች ልጅ መደበቅን እንደ እንጀራ መጋገር ተማሩት። ጣሪያ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ፣ አክስት ቤት።

አሁን ይህን ፊልም ከኦክቶበር 2023 በኋላ እዩት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300,000 በላይ ተጠባባቂዎች ተጠሩ። ቃሉ «ሚሉኢም» ነው፤ ሥሩ «መልአ»፣ ከግእዙ ጋር አንድ፤ መሙላት። ኮታ መሙላት ለምታስታውስ እናት ይህ ቃል መተርጎም አያስፈልገውም። ጎንደር ላይ ወንድሟን ጎተራ የደበቀች ሴት ኔታንያ ላይ የልጇን የወታደር ልብስ እያጠበች ነው። ልጁ አይደበቅም። መደበቅ አይፈልግም፤ ለብዙ የእኛ ልጆች ልብሱ «እኔም የዚህ አገር ነኝ» የሚሉበት፣ በቆዳቸው የሚጠራጠራቸውን ሰው አፍ የሚያስይዙበት ማስረጃ ነው። እሷም ትኮራለች። ሌሊት ደግሞ ጣሪያ ትፈልጋለች። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሴት ውስጥ ናቸው፣ በአንድ ማታ። «የበለስ ዛፍ» እዚህ ድረስ አይሄድም፤ ታሪኩ አዲስ አበባ ላይ ነው፣ እስራኤል የቀጠሮና የወረቀት ስም ናት። እንደ ጉድለት ይቆጠራል? ከፊል አዎ። ሚና አሥራ ስድስት ናት፤ የምትሄድበት አገር ሴትንም በአሥራ ስምንት ዓመቷ ይመለምላል። እስራኤላዊ ተመልካቹ ይህን ያውቃል። የተረፈው ልጅ ነገ ሌላ ሠራዊት ውስጥ መሆኑ ለፊልሙ ሌላ ጥልቀት ይሰጠው ነበር። ቢሆንም ጥያቄውን እንድንጠይቅ ያደረገን ሌላ ሥራ የለም።

ባዚ ጌቴ በ2014 የሠራው «ቀይ ቅጠሎች» ደግሞ ጦርነት የሌለበት ፊልም ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን ሌላ ፊልም ይሆናል። ደበበ እሸቱ የሚጫወቱት ሽማግሌ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ጋር ሊኖሩ ይሄዳሉ። የሼክስፒር ንጉሥ ሊር ነው፣ በጎንደር ክብር። ያቺ የደበበ ፊት፣ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ያደገች ፊት፣ በልጇ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ስትሆን ማየት ያማል። አሁን ላይ አዛካ ጨምሩበት። አባወራ በራሱ ቤት ማማድ ውስጥ ቢገባ አባወራ ነው። በልጁ ቤት ማማድ ውስጥ፣ የልጅ ልጁ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ምራቱ «አባባ ስልክዎን ዝቅ ያድርጉት» ስትል፣ ምንድን ነው? «ኔቭሱ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ፣ በ2018 ዓለም አቀፉን ኤሚ ያገኘው፣ ከእንዲህ ያለ ጥብበት ሳቅ ያወጣል፤ ተሳክቶለታልም። ግን ማዕከሉ ባልና ሚስቱ ናቸው።

እንግዲህ በአማርኛ የተሠራው የጦርነቱ ትልቅ ሥራ የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ስልክ ነው የምላችሁ።

በኦገስት 2023 ጎንደርና ባሕር ዳር ውስጥ ውጊያ ሲነሣ እስራኤል ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን በአውሮፕላን አወጣች፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሺዎች እዚያው ቀሩ። ከዚህ የሚደወለው «እንዴት ናችሁ? ተኩስ አለ ይባላል» ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አቅጣጫው ተገለበጠ። በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ከጎንደር ብዙው ሰው የሚደውለው በተራ መስመር ነው፤ ሒሳቡ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ንግግሩ አጭር ነው። እኔ ከጎንደር የመጣሁት በ2021 ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት ጥሪ አውቀዋለሁ። ቅርጹ አንድ ነው።

«ደህና ናችሁ?»
«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?»
«እኛማ ደህና ነን። እዚያ ነው እንጂ ያሉት።»
«ኧረ እዚህ ምንም የለም። ሩቅ ነው።»
«የምን ድምፅ ነው?»
«መኪና ነው።»

ይህን ቃለ ምልልስ እንደ ቅርጽ እዩት። ሁለቱም ወገን ይዋሻል፤ ሁለቱም ሌላው እንደሚዋሽ ያውቃል፤ ማንም ማንንም አያጋልጥም። አማርኛ ሰላምታ ላይ መጀመሪያ ምስጋና ነው የሚፈልገው፤ ወሬ ኋላ ይመጣል፣ ከመጣ። ስለዚህ «ደህና ነን» መረጃ አይደለም። የማንቂያው ተቃራኒ ነው። ማንቂያው ቦታና ሰከንድ ይሰጣል፣ ሰው አይጠይቅም፤ «ደህና ነን» ቦታና ሰከንዱን ይደብቃል፣ ሰውን ግን በስሙ እየጠራ ይጠይቃል። እናትህስ? ታናሿስ ወለደች? ላሟስ? እዚህ የሚሰማው ሳይረን እዚያ «መኪና ነው»፤ እዚያ የሚሰማው ተኩስ እዚህ «ሠርግ ነው»። አሳማኝነቱ ላይ ማንም አይለፋም። ደራሲያችን ገጸ ባሕርይ ሲዋሽ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ይጽፋል፤ እነዚህ ሰዎች በሁለት ቃል ይጨርሱታል።

መስመር ሲገኝ ዋትስአፕ ላይ ይቀዳል። እነዚያ የድምፅ መልእክቶች ናቸው በእኔ ግምት የዚህ ጦርነት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ። የሦስት ደቂቃ ምርቃት፣ መሃል ላይ የሳይረን ጅማሬ፣ «ቆይ ልግባ» የሚል ድምፅ፣ የብረት በር ሲዘጋ፣ ከዚያ ያው ምርቃት ካቆመበት ሲቀጥል። ሬዲዮ ጣቢያም ሆነ ቤተ መዛግብት ሊሰበስባቸው ይችላል፤ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ ስማቸው ከወጣ፣ ቴክኒኩ ቀላል ነው። ዛሬ ያሉት ግን በአሮጌ ስልኮች ውስጥ ነው። የፋይሉ ስም ቀንና ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንደተናገረ፣ ከየት ወደ የት እንደሆነ አይጽፍም። ስልኩ ሲሞላ ቦታ ለማስለቀቅ አብረው ሊሰረዙ ይችላሉ፤ ረጃጅሞቹ ምርቃቶችም።